የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ የደሴ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የከተማችን የባህል፣ የወጣቶችና የአዳራሽ ጉዳይ የሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልን።

በግልጽ የምንጽፍላችሁ ሌላው መንገድ ስላለቀብን ነው። ስለተቆለፈብን የአዳራሽ ክፍል ሦስት ማመልከቻ አስገብተናል። የመጀመሪያው "መዝገብ ቤት ነው" ተባለ። ሁለተኛውን ስንጠይቅ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልን። ሦስተኛው ጠፋ። ኮፒውን አምጡ አላችሁ፤ አመጣን፤ እሱም ጠፋ። የቢሮም የሰውም ስም አንጠራም። የማን ጉዳይ እንደሆነ ባለጉዳዩ ሲያነበው ያውቀዋል።

መጀመሪያ ማን እንደሆንን እንንገራችሁ፤ በየቢሮው የሚሳሳቱብን እዚህ ላይ ነውና። ለደሴ ሰው የኪነት ቡድን ሲባል ትዝ የሚለው ላሊበላ ኪነት ነው፤ እነ ማሪቱ ለገሠ የነበሩበት። እኛ እንደዚያ አይደለንም። የሙዚቃ ባንድም አይደለንም። ቅዳሜ ከሰዓት ክብ ሠርተን ተቀምጠን አብረን ድምፅ የምንሠራ ሃያ ምናምን የሰፈር ሰዎች ነን። መንዙማና ወዳጃ (የዱዓ ሥርዓት) የሚያውቁ ዱበርቲ፣ ማለትም ዱዓ የሚመሩ እናቶች አሉን። ከገጠር መጥቶ ጥበቃ የተቀጠረ ዋሽንት ነፊ አለን። ማሲንቆ የሚመታ ወጣት፣ ከበሮ የሚያውቅ ዲያቆን፣ በላፕቶፕ ቢት የሚሠሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉን። ፒያሳ ጫማ የሚጠርግ ልጅም አለ። እሱ ሙዚቀኛ ነኝ ብሎ አልመጣም፤ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ከርሞ አንድ ቀን ገባ። ሊስትሮ "እግር ቀይር" ለማለት ሳጥኑን በብሩሽ መታ መታ እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ያቺ መታ መታ ዛሬ የአንዱ ሥራችን ምት ናት።

አሠራራችንንም ትንሽ ላስረዳ። ያለሱ ቅሬታችን አይገባም።

ዋሽንት አይቃኝም። ቀዳዳው አንዴ ተበሳ፣ አለቀ። ዋሽንት ነፊ ሦስት አራት ዋሽንት ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው። ክራርና ማሲንቆ ግን ይጠብቃሉ፣ ይላላሉ። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ለዋሽንቱ ይቃኛል። የላፕቶፕ ልጆች የመጡ ሰሞን በዚህ ተጣላን። የኮምፒውተሩ ድምፅ እንደ ፒያኖ እኩል ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው። የኛ ዋሽንት የሚያወጣት የአምባሰል ቅኝት ደግሞ እዚያ ላይ ልክ አትገጥምም። አንዱ ጋ ትንሽ ከፍ፣ አንዱ ጋ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ልጆቹ "ዋሽንቱ ከቅኝት ወጥቷል" አሉ። ዋሽንት ነፊው "የወጣውስ የናንተ ሳጥን ነው" አለ። ሁለት ቅዳሜ ተከራከርን፤ አንዱ ቅዳሜማ አንድም ድምፅ ሳንሠራ ነው የተበተንነው። በመጨረሻ ከእናቶቹ አንዷ ቡናቸውን እየጠጡ "የማይችለውን ምን ታስጨንቁታላችሁ፣ የሚችለው ይጠጋ" አሉ። ላፕቶፑ ለዋሽንቱ ተቃኘ። የኛ ሥራ እንግዲህ ይሄ ነው። መድረክ ላይ የሚታየው አምስት ደቂቃ የነዚያ ሁለት ቅዳሜዎች ትርፍራፊ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

አንደኛው አዳራሹ ነው። አዳራሽ ስንል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጀርባ ላይ ያለች፣ ሠላሳ ሰው የምትይዝ፣ አንድ መስኮቷ የተሰበረ ክፍል ናት። ከሁለት ዓመት በላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርተንባታል። ጠርገናታል፤ መስኮቷን በራሳችን ላስቲክ ሸፍነናል። ክረምት ሊገባ ሲል በሯ ተቆለፈ። "እድሳት ላይ" የሚል ወረቀት ተለጠፈባት። የታደሰው ግን ቁልፉ ብቻ ነው። በዚያው በተሰበረው መስኮት አጮልቀን ስናይ የሠርግ ወንበር እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ቆይቶ ደግሞ ባዛር ገባባት። አሁን ለስብሰባ ትከራያለች ተባለ። ኪራዩ ስንት እንደሆነ ጠየቅን። ሲነገረን ሳቅን፤ ሌላ ምን እናድርግ።

አንድ ባለሙያ "ሜዳ ላይ ለምን አትሠሩም?" አለን። በቅን ልብ ይመስለኛል። ግን ያለነው ደሴ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅቀው ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊትህ ያለው ሰው አይታይም። የከበሮ ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይረግባል። ድም ማለቱን ትቶ እንደ ረጠበ ካርቶን ይሆናል። እሳት ዳር ካላሞቁት አይመለስም። አንድ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ፍልጥ አንድደን አሞቅነው። ደንብ አስከባሪ መጣና አጠፋው። ልክ ነበር፤ ሜዳ ላይ እሳት አይነደድም። እናቶቹ ደግሞ ጉልበታቸውን ብርድ ይይዛቸዋል። ቀረጻውማ አይታሰብም። ነፋስ ማይክ ውስጥ ከገባ ከሰው ድምፅ በላይ የሚሰማው እሱ ነው።

የአንዷን እናት ሳሎን ሞከርን። ስምንት ሰው ይይዛል፤ እኛ ሃያ ነን። ተራ ገባን፤ ግማሹ አንድ ቅዳሜ፣ ግማሹ በሚቀጥለው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ቡድን ሆንን። ከዚያ ተኮራረፍን። ይሄን የማነሳው ለማሳዘን አይደለም፤ ክፍል ማጣት እንዴት አድርጎ ሰው እንደሚበትን እንድታዩት ነው።

ኮምቦልቻም ወርደናል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ሌላ አየር ነው። እዚያ ከበሮው ሳይሞቅ ይጮኻል፤ እናቶቹም ነጠላቸውን ፈታ አደረጉ። ዘመድ ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት ቅዳሜ ቆንጆ ሠራን። ሀረጎን ስንወርድ ደግሞ የከባድ መኪኖቹን ፍሬን ቀዳን። ያ የተጫነ መኪና ቁልቁለቱን ሲይዝ የሚያሰማው ረጅም ጩኸት አለ አይደል? ከማሲንቆ ጋር ስታስጠጉት አብሮ ያለቅሳል። ተማሪዎቹ በዚያ ድምፅ ሰክረው ሰነበቱ። ግን የሃያ ሰው ትራንስፖርት ደርሶ መልስ ከየት ይምጣ? በሦስተኛው ቅዳሜ ሰባት ሰው ብቻ መጣ።

ሁለተኛው ቅሬታ የድምፁ ጉዳይ ነው። ለኛ ከክፍሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ህዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ የደረሰባቸውን ታውቁታላችሁ፤ አብረን ነበርን። ከመካከላችን ብዙው ቤቱን ዘግቶ ወጥቶ ነበር። ሲመለሱ የአንዷ እናት ካሴቶች የሉም። ቴሌቪዥኑም ሄዷል፤ እሳቸው ግን ስለ ቴሌቪዥኑ አንድ ቀን ተናግረው አያውቁም። ካሴቶቹ ላይ የእናታቸው መንዙማ ነበር። ስብስባችን የተጀመረው በዚህ ነው። "እኔም ሳልሞት ቅዱኝ" አሉን። አንድ ጎረቤታቸው መቅጃ ተዋሰላቸውና ቀዳናቸው። ከዚያ ሌሎቹም መጡ።

ወዳጃ ዘፈን አይደለም። ሰው ቡናውን አፍልቶ፣ ተሰብስቦ፣ ለታመመው፣ ለተቸገረው፣ ለዝናቡ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። እናቶቹ ሲቀዱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "ይሄ ለልጅ ልጆቻችን ነው፤ ከዚህ ክብ አይውጣ።" ቃል ገባንላቸው።

አንድ ቀን ከናንተ ዘንድ አንድ ሰው መጣ። "ለሪፖርት የሚሆን የሥራችሁን ናሙና በፍላሽ ስጡን" አለ። ሰጠነው። እዚህ ላይ ጥፋት አለብን። ወረቀት ማስፈረም ነበረብን፤ የእናቶቹን ለይተን ማስቀረት ነበረብን። አላደረግነውም። ከመንግሥት ቢሮ የመጣ ሰው ነው ብለን አመንን።

ከሦስት ወር በኋላ ከእናቶቹ አንዷ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳለ የአንድ ልጅ ስልክ ላይ የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ። የከተማ ማስታወቂያ ቪዲዮ ነው። ከላይ በድሮን የተነሳ ከተማ አለ፣ ሕንጻ አለ፣ የሆቴል አልጋ አለ። ከሥሩ የሳቸው ዱዓ። እሱም ሙሉውን አይደለም። ልመናው መሐል ላይ ተቆርጦ ወደ እስክስታ ይገባል። ለታመመ ልጅ የተደረገ ዱዓ ነበር። "ምነው አሚን እንኳ ሳያስብሉኝ!" ብለው ሲነግሩን ምን እንመልስ? አምስት ቅዳሜ ቀሩ። በስድስተኛው መጡ፤ ግን መቅጃው ሲበራ ዝም ይላሉ። እስካሁንም ዝም ይላሉ።

ስንጠይቃችሁ የተሰጠን መልስ "ባህል የሕዝብ ነው፣ የማንም አይደለም" የሚል ነው። የሕዝብ ከሆነ ሕዝቡን ጠይቁት እንጂ። ሕጉንም እናስታውሳችሁ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ ክዋኔው እንዲቀረጽም ሆነ እንዲሰራጭ የመፍቀድ መብት አለው። አገራችን ደግሞ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች እንዲጠበቁ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት በ2006 አጽድቃለች። መስቀልንና ጥምቀትን ያስመዘገብነው በዚያ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ቅርሱን የሚፈጥረውና የሚያስተላልፈው ማኅበረሰብ ራሱ በሥራው እንዲሳተፍ ይላል። በፍላሽ ወስዶ መቁረጥ መሳተፍ አይመስለንም።

ሦስተኛ፣ የበዓል ጥሪያችሁ። ሁልጊዜ ከሁለት ቀን በፊት ነው። ስልክ ይደወላል፤ "ባህላዊ ልብስ ለብሳችሁ በጠዋት ተገኙ"። ባለፈው ስንመጣ ድምፅ ማጉያው አንድ ማይክ ብቻ ነበረው፣ እሱም ለንግግር ነው። "ሙዚቃው ከፍላሽ ይለቀቃል፣ እናንተ አስመስሉ" ተባልን። ማሲንቆ ደጋኑ እጣን ካልተቀባ ድምፅ እንደማያወጣ ታውቃላችሁ። ልጃችን የዚያን ቀን እጣኑን ከኪሱ እንኳ አላወጣውም፤ ለምን ብሎ? ደረቅ ደጋን እየጎተተ አንድ ሰዓት ፈገግ ብሎ ዋለ። ሲያልቅ ቲሸርትና የታሸገ ውሃ ተሰጠን። ባለሙያዎቹ ውሎ አበል ሲፈርሙ አጠገባቸው ቆመን ነበር።

ከጀርባችን የተሰቀለው ባነር "የአራቱ ቅኝቶች መፍለቂያ" ይላል። እውነት ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለች ከተማ ናት። አምባሰል እዚሁ ከደሴ በላይ ያለ ተራራ ነው። ትዝታውንም አንቺሆዬውንም ብዙ ሰው ከወሎ ጋር ነው የሚያያይዘው። ግን ቅኝት ተቀምጦ የሚቃኝ ነገር ነው፤ ለመቀመጥ ደግሞ ወንበር ያስፈልጋል። ወንበሮቹ የት እንዳሉ ከላይ ነግረናችኋል።

አራተኛው ቅጹ ነው። ለከተማው የጥበብ ዝግጅት ሥራ አስገቡ ተብሎ አንድ የ14 ደቂቃ ሥራ አስገብተን ነበር። የደሴ ጠዋት ነው። ከሸዋበር መስጊድ አዛን ይጀምራል፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይከተላል። ሙቀጫ አለ። "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!" የሚል ወያላ አለ። ሰኞ ገበያ ላይ በግ የሚያስማሙ ሁለት ደላሎች አሉ፤ ተማሪዎቹ ሁለቱን ከግራና ከቀኝ አስቀምጠው እንደ ቅብብል ዘፈን አደረጓቸው። መጨረሻ ላይ ዋሽንቱ ብቻውን ይገባል። ቅጹ ላይ ግን ዘፈን፣ ውዝዋዜ፣ ቲያትር፣ ሥነ ጽሑፍና ሥዕል ብቻ ነው ያለው። "ልዩ ልዩ" የምትል ሳጥን እንኳ የላትም። የገምጋሚው ቃል "ይሄ የተቀዳ ጫጫታ ነው፤ ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል ነበር።

የፈረንጅ ነው ለሚለው አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሃሊም ኤል ዳብ የሚባል ግብጻዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መቅጃ ተሸክሞ ሄዶ የዛር ሥርዓት ቀዳ፤ ሴቶቹ ሲያዜሙ። ከዚያ ሬዲዮ ጣቢያ ገብቶ ድምፁን ቀይሮ፣ አስተጋብቶ አዲስ ሥራ ሠራበት። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሼፈር በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ ሠራ ተብሎ ስሙ የገነነው ከአራት ዓመት በኋላ በ1948 ነው። ዛር ደግሞ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። ሰውየውስ በኋላ የት መጣ? አዲስ አበባ! እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው እሱ ነው። ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱን ከየአካባቢው ሰብስቦ አንድ ላይ አስቀመጠ። እኛ የምንሠራው የሁለቱን ድምር ነው፤ መቅጃውንም ክቡንም። ሥራችንን አለመውደድ መብታችሁ ነው። እኔ ራሴ መሐሉ ላይ ሁለት ደቂቃ ይረዝማል ባይ ነኝ፤ ተማሪዎቹ አልሰማ አሉኝ እንጂ። ቅጹ ግን አንድ መስመር ይጨመርበት።

አምስተኛውን ባጭሩ። ሰኞ ገበያና መናኸሪያ ስንቀዳ በተደጋጋሚ እንታገዳለን። "ፈቃድ አላችሁ?" እንባላለን። ፈቃዱን ለመጠየቅ ስንሄድ "ማኅበር ናችሁ?" ትሉናላችሁ። ማኅበር ለመሆን ደግሞ የቢሮ አድራሻ ይጠየቃል። አድራሻችን የነበረችው ያቺ የተቆለፈች ክፍል ናት።

የናንተ ብቻ ነው ጥፋቱ አንልም። አንድ ጊዜ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ከበሮ መትተን ጎረቤት ተማሯል፤ ይቅርታ ጠይቀናል። ወርሃዊ ሪፖርት ጻፉ ስትሉን ሳንጽፍ የቀረንበት ወር አለ። ይሄ ግን በር አያስቆልፍም።

የምንጠይቃችሁ እንግዲህ እነዚህን ነው።

ክፍሏን ለሳምንቱ በሙሉ አንጠይቅም። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ብቻ ትሰጠን። በሌላው ቀን አከራዩዋት። ወንበሮቹን እኛው ወደ ጥግ እናነሳለን፤ ስንወጣ እንመልሳለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 91 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን የማስፋፋት ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። "አቅም በፈቀደ" የምትለዋን እናከብራታለን። ገንዘብ አልጠየቅንም፤ ቁልፍ ነው የጠየቅነው።

ቪዲዮው ይውረድ፣ ወይም የእናቶቹ ድምፅ ይውጣለት። የወሰዳችሁት ቅጂም ይመለስ። ከዚያ አንድ ሰው፣ ፍላሹን የወሰደው ባይሆንም ግድ የለም፣ መጥቶ እናትየዋን በአካል ይቅርታ ይጠይቃቸው። በደብዳቤ አይሁን፤ ማንበብ አይችሉም። ቡና ይጠጣላቸው።

ከዚህ በኋላ ለሚወሰድ ማንኛውም ድምፅ አንድ ገጽ የስምምነት ወረቀት ይኑር። ማን ቀዳው፣ የማን ድምፅ ነው፣ ለምን ይውላል፣ የት አይውልም የሚል። ለማያነብ ሰው በቃል ተነቦለት፣ እሺታውም በድምፅ ይቀዳ። ረቂቁን ጽፈናል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መዝገብ ቤት ገብቷል። እዚያ ካለ።

በበዓል ከፈለጋችሁን ከአንድ ወር በፊት ንገሩን፤ ዕቅዱ ሲወጣም ከመሐላችን ሁለት ሰው ይቀመጥ። አራት ማይክ ካለ እንመጣለን። ከፍላሽ የሚለቀቅ ከሆነ ግን ይቅርብን፤ ቲሸርቱም ይቅርብን። በከተማው ውስጥ ለመቅዳት የሚያስችል፣ ማህተም ያለበት አንድ ደብዳቤም ይጻፍልን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በ8 ሰዓት ክፍሏ በር ላይ እንገኛለን። ከበሮውን ከቤት አሙቀን እናመጣዋለን፤ ጉም ካለ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ቁልፉን የያዘው ሰው ከዚያ በፊት ቢደርስ ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅዳሜ ድምፅ ሠሪዎች ስብስብ አስተባባሪ
ስለ እናቶች፣ ስለ ተማሪዎችና ስለ መሣሪያ ተጫዋቾች
ደሴ